ያላረጀው ሰርቨር፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ቁጠባ ማህበር የጉዳይ ጥናት

ደብረ ብርሃን ውስጥ የማውቃት አንዲት ገንዘብ ያዥ አለች። ሻይዋን የምትጠጣው አንዱን አባል ጠርታ እስኪመጣላት ነበር። ሰውዬውን አይደለም፤ ሰውዬው ፊቷ ቆሟል። የምትጠብቀው ስሙ ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ ነው። ስም ትጽፋለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ብርጭቆዋን ታነሳለች። ሁለት ሦስቴ ፉት ብላ ስታስቀምጥ ስሙ ብቅ ይላል። ከተማው 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትኩስ ነገር እዚያ ውሎ አያድርም። እሷ ግን ሻይዋን በትኩሱ ትጨርሰው ነበር። ኮምፒውተሩ ጊዜ ይሰጣታላ።

ቦታው የቁጠባና ብድር ማህበር ነው። ስሙን አልጠራም፣ ፕሮግራሙን የሠራላቸውንም ድርጅት እንዲሁ። አባላቱ 9,000 ገደማ ናቸው። ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከመንዝ የሚመጡ ገበሬዎችና ቸርቻሪዎች ይበዙበታል። በግ ሸጦ፣ ገብስ ሸጦ የተረፈችውን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። በገበያ ቀን ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ጋ ይደርሳል። ታች ሸዋ ሮቢት አንድ ቅርንጫፍ አላቸው።

ሊቀመንበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሲደውሉልኝ እንዲህ አሉ፦ «አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ አርጅቷል ተባልን። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት እስቲ መጥተህ እየው።»

ፕሮፎርማውን አሳዩኝ። ባለ 16 ኮር (የፕሮሰሰሩ ማስሊያ ክፍል) ሰርቨር፣ 64 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ)። ዋጋው ለአባላት ከሚከፋፈለው የዓመት ትርፍ ላይ ጥሩ አድርጎ ይቆርጣል። ያለው ማሽን ተራ ዴስክቶፕ ነው። ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ዳታቤዙ፣ ማለትም መረጃውን ሁሉ ይዞ የሚፈለገውን የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል ነው። አራት ኮምፒውተሮች ይጠቀሙበታል፦ ሁለቱ ገንዘብ ያዦች፣ የሒሳብ ሹሙና የሸዋ ሮቢቱ ቅርንጫፍ።

ቅሬታው ሦስት ነበር። በገበያ ቀን አንድ አባል ለመፈለግ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የወር ወለድ ስሌት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ ሌሊት 6 ሰዓት ያልቃል፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

መጀመሪያ ያየሁት

ሆን ብዬ በገበያ ቀን ሄድኩ። ሰው በሌለበት ቀን ሁሉም ማሽን ፈጣን ነው።

ሰርቨሩ ላይ የማሽኑን ሥራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ፕሮሰሰሩ 7 ወይም 8 በመቶ ላይ ነው። ራሙ ግማሹ ባዶ ነው። ዲስኩ ግን 100 በመቶ፤ መስመሩ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ አይወርድም። ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ማሽኑ አልደከመም። ቆሞ እየጠበቀ ነው» አልኳቸው።

እዚህ ላይ የሃርድ ዲስክን ነገር ትንሽ ላብራራ፤ የጉዳዩ ግማሽ እዚህ ውስጥ ነው። በደቂቃ 7,200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ዙር ነው። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ራስ ሥር እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ይህ 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። የማንበቢያው ራስ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ 8 ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበታተነ ነገር ለማንበብ በአንዱ ላይ 12 ሚሊ ሰከንድ ይጠፋል። በሰከንድ 80 ንባብ ነው፣ በቃ። በ12 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ባለ 3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር 36 ሚሊዮን ምት ይመታል። አንዱ ምት አንድ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮሰሰሩ አንዲት ንባብ የሚጠብቀው ከአንድ ዓመት በላይ ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ማሽን 16 ኮር መጨመር ምን ያደርጋል? ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ በፈረንጆች 1967 ያነሳው ነጥብ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጊዜው 95 በመቶው ዲስክ መጠበቅ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ እልፍ ጊዜ ቢፈጥን የሚቆጥበው ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም። በዚያ ላይ ማይኤስኪውኤል አንድን ጥያቄ በአብዛኛው የሚሠራው በአንድ ኮር ነው። አራት ኮምፒውተር ላለው ቢሮ አሥራ ሁለቱ ኮሮች ተመልካች ናቸው።

ዲስኩ ምን ሲሠራ ነው ፋታ ያጣው? ማይኤስኪውኤል የዘገዩ ጥያቄዎችን የሚመዘግብበት ሎግ አለው። በራሱ ከተተወ የሚመዘግበው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ነው። ወደ 1 ሰከንድ ዝቅ አድርጌ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ፋይሉ ሞልቶ ጠበቀኝ።

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ

ሎጉን ከሞሉት አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበሩ። በእያንዳንዱ ስክሪን ላይ ከላይ በቀኝ በኩል «የዛሬ ጠቅላላ ገቢ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። በየ5 ሰከንዱ ትታደሳለች። ያምራል። ለመታደስ ግን ፕሮግራሙ የማህበሩን የገንዘብ እንቅስቃሴ ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያነባል። 860,000 ገደማ መስመር አለው፤ መጠኑ ከ200 ሜጋባይት ይበልጣል። የዛሬውን ይለያል፣ ይደምራል። የቀረውን ይጥላል። ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደገና።

ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። አንዱ ንባብ ዲስኩን ብቻውን ቢያገኘው 2 ሰከንድ ይፈጃል። አራት ስክሪን ሲባዛ በሁለት፣ 8 ሰከንድ። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው በየ5 ሰከንዱ ነው። በ5 ሰከንድ ውስጥ 8 ሰከንድ ሥራ። ደግነቱ በአንድ ስክሪን ላይ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም እንጂ ማሽኑ ጨርሶ ይቆም ነበር። አራቱ ሲደራረቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የዲስኩ ራስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ተከታታይ የነበረው ንባብ የተበታተነ ይሆናል፤ 2 ሰከንዱ ይረዝማል።

እና አንዲት እናት ከአንጎለላ መጥታ 500 ብር ልታስቀምጥ ስትል፣ የእሷ ጥያቄ የሚሰለፈው ከማን ኋላ ነው? ማንም ከማያያት ሳጥን ኋላ። ገንዘብ ያዧን ጠየቅኳት፦ «እህቴ፣ ይህችን ቁጥር ታያታለሽ?» ስቃ «ምንድን ናት እሷ?» አለችኝ።

የሰልፍ ጠባይ ክፉ ነው። አገልጋዩ ግማሽ ጊዜው ሥራ ላይ ከሆነ፣ ባለ ጉዳይ እንዲያው በዘፈቀደ ሲመጣ፣ አንዱ የሚቆይበት ጊዜ ከራሱ ሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ አሥር እጥፍ ይደርሳል። 100 ከነካ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ጫናውን በጥቂቱ መቀነስ ሰልፉን በብዙ ይቀንሰዋል።

ያን ቀን ማታ አንድ መስመር ብቻ ቀየርኩ። ማይኤስኪውኤል ራሱ ውስጥ የሚይዘው የራም ድርሻ ማንም ካልነካው 128 ሜጋባይት ነው። ጠቅላላ ዳታቤዙ 900 ሜጋባይት ገደማ ነው። ራሙ ደግሞ ግማሹ ባዶ። ድርሻውን ወደ 1.5 ጊጋባይት አሳደግኩት፤ ዳታቤዙ ሙሉ በሙሉ ገባ። በማግስቱ ፍለጋው ከአሥር ወደ ሦስት ሰከንድ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ «በቃ አለቀ» አሉ። አላለቀም። በየ5 ሰከንዱ ሁሉን ማንበቡ እንዳለ ነው፤ ከዲስክ ወደ ራም ተዛወረ እንጂ። አሁን የሚደክመው ፕሮሰሰሩ ነው። መስመሩ በየዓመቱ ሲጨምር ተመልሶ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር የፕሮፎርማው ሰርቨርም ያው እንዲህ ያደርግ ነበር። ያፈጥነዋል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሌላ ፕሮፎርማ ይመጣል።

ደብተሩን መልሶ መደርደር

ወደ ዋናው ሥራ ገባሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ።

የድሮውን የእጅ ደብተር አስቡት። በጥሩ ገንዘብ ያዥ ደብተር እያንዳንዱ አባል የራሱ ገጽ አለው። የእሱ ገቢና ወጪ ሁሉ እዚያው ነው። ይህ ዳታቤዝ ግን የተጻፈው እንደ ደረሰኝ ጥራዝ ነበር፤ በመጣበት ቅደም ተከተል። የአንድ አባል የስምንት ዓመት ታሪክ በመቶ ቦታ ተበታትኗል።

የማይኤስኪውኤል ዋና ማከማቻ፣ ኢኖዲቢ የሚባለው፣ መረጃን የሚያነበው በ16 ኪሎባይት ገጽ ገጽ ነው። አንዲት 200 ባይት መስመር ብትፈልግም ገጹን ሙሉ ያነሳል። መስመሮቹን የሚደረድረው ደግሞ በዋናው ቁልፍ፣ ማለትም አንዱን መስመር ከሌላው በሚለየው መለያ፣ ቅደም ተከተል ነው። ዋናው ቁልፍ የደረሰኝ ቁጥር ነበር። ወደ «የአባል ቁጥር፣ ቀን፣ ደረሰኝ ቁጥር» ቀየርኩት። ለውጡ ይህ ነው፦ አባሉ 96 ክፍያ ካለው፣ ድሮ 96 ገጽ መፈለግ ነበረበት። ከዲስክ ከሆነ ከአንድ ሰከንድ በላይ። አሁን ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

የሁለት ገጽ ነገር ግን በቁልፍ መቀየር ብቻ አልመጣም። መስመሮቹም መክሳት ነበረባቸው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ወርሃዊ የቁጠባ ገቢ» እና «ደብረ ብርሃን ዋና ቅርንጫፍ» ተብሎ በፊደል ተጽፏል። የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 ኮድ፣ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። የላቲን ፊደል 1 ነው። ቆጠርኩት፤ የመጀመሪያው 32 ባይት፣ ሁለተኛው 45። በ860,000 መስመር ሲባዛ ከ60 ሜጋባይት በላይ፣ ለተደጋገመ ወሬ። ሁለቱንም በአንድ አንድ ባይት ኮድ ተካኋቸው። ስማቸው በሌላ ትንሽ ሠንጠረዥ አንዴ ተጻፈ።

አማርኛን ከመጠቀም ተቆጠቡ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ስክሪኑ ላይ ሁሉም በአማርኛ ነው። አንድን ነገር 860,000 ጊዜ አትጻፉ ነው የምለው።

ስለ ኢንዴክስ፣ ማለትም ማሽኑ ሁሉን ሳያነብ የሚፈልገውን እንዲያገኝ ስለሚረዳው ማውጫ፣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ኢንዴክስ አልረሳም። ጾታ ላይ አድርጎ ነበር። ጾታ ላይ ያለ ኢንዴክስ ከሁለት አባል አንዱን ያመጣልሃል። ምንም አያሳጥርም፤ አዲስ አባል በተመዘገበ ቁጥር ግን እሱም መጻፍ አለበት። አጠፋሁት።

ቀኑ

የቀኑ ጉዳይ ብቻውን ሁለት ቀን ወሰደብኝ፣ ግን ወድጄዋለሁ።

ቀን የተቀመጠው በጽሑፍ ነው፦ «15/06/2015»። አሥር ባይት። ለዓይን ጥሩ ነው። ለማሽን ግን መከራ ነው፤ በጽሑፍ ሲደረደር ቀኑ ይቀድማል። የ2014 ጳጉሜን 1 ከ2010 መስከረም 30 በፊት ይመጣል። ስለዚህ «ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን» ሲባል ኢንዴክስ አይረዳም። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መስመር አንስቶ፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሮ፣ አነጻጽሮ ያልፋል። 860,000 ጊዜ።

የእኛ አቆጣጠር ለኮምፒውተር የተመቸ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አሥራ ሁለቱም ወሮች 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ ቀንን ወደ አንድ ቁጥር መለወጥ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ዓመቱን በ365 አባዛ። ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ቀሪውን ጣልና ጨምር። ከወሩ 1 ቀንሰህ በ30 አባዛና ጨምር። ቀኑን ጨምር። የካቲት 15 ቀን 2015 ሲሠራ 736,143 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ 736,344። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016፣ 736,345። አንድም ቀን አይዘልም። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት እንኳ ለብቻ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ለ4 ማካፈሉ ይዞታል።

አራት ባይት ሆነ፣ በራሱ ተደረደረ፣ ኢንዴክስ ተቀበለ። ስክሪኑ ላይ ለማሳየት ተመልሶ የሚለወጠው ደግሞ ሰው የሚያያቸው ሃያ ሠላሳ መስመሮች ብቻ ናቸው።

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ

የስም ፍለጋውን የሠራው ሰው አስቦበታል፤ ላመስግነው። አማርኛ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አሉ። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አሉ። አባሉ የተመዘገበው «ኃይሉ» ተብሎ ከሆነና ገንዘብ ያዧ «ሀይሉ» ብላ ከጻፈች መገኘት አለበት። ፕሮግራሙ ያገኘዋል። የሚያገኘው ግን በተፈለገ ቁጥር የ9,000ውን ሰው ስም፣ የአባትና የአያት ስም ጭምር፣ ፊደል በፊደል ወደ አንድ መልክ እየለወጠ ነው።

ሥራው ልክ ነው፤ ጊዜው ነው የተሳሳተው። ሰው የሚመዘገበው አንዴ ነው። የሚፈለገው በየወሩ። እኔ ያደረግኩት ልወጣውን ወደ ምዝገባው ቀን ማዛወር ብቻ ነው። ከትክክለኛው ስም ጎን ሁሉም ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተጠቃለሉበት ሌላ ዓምድ አኖርኩ፣ ኢንዴክስም ሰጠሁት። ገንዘብ ያዧ የምትጽፈው ቃል በዚያው መንገድ ተለውጦ እዚያ ይፈለጋል። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ግን ሰውዬው ራሱ እንዳስጻፈው ነው። ኃይሉን «ሀይሉ» ብለህ ብታትምለት የሚቆጣ አለ፣ እውነቱን ነው።

ሌላው ፍለጋው በመነሻ ፊደላት እንዲሆን ነው። የስሙን መጀመሪያ ስትሰጠው ኢንዴክሱ ይሠራል። መሃሉን ስትሰጠው ከዳር እስከ ዳር ያነባል። እኛ ሰውን በስሙና በአባቱ ስም ነው የምንጠራው፤ ስለዚህ ኢንዴክሱን በሁለቱ ላይ አደረግኩት።

ትልቁ ሸክም ግን ስሙ አልነበረም፣ ፎቶው ነበር። «አበበ» ሲባል ሁለት መቶ ገደማ ሰው ይመጣል፤ እያንዳንዱ ከነፎቶው፣ 60 ኪሎባይት ገደማ። ያ 12 ሜጋባይት ነው። በቢሮው ባለ 100 ሜጋቢት መስመር አንድ ሰከንድ ሙሉ ይበላል፣ የዲስኩን ሳንቆጥር። ከሁለት መቶው ፎቶ ደግሞ የምትፈልገው የአንዱን ነው። አሁን መጀመሪያ ስም ዝርዝር ብቻ ይመጣል። ሰው ስትመርጥ ፎቶው ይከተላል።

ወለዱ

የአምስት ሰዓቱ ስሌት ምሥጢር አልነበረውም። ለእያንዳንዱ አባል ሒሳቡን ለማግኘት ሠንጠረዡን ሙሉ ያነባል። 9,000 አባል ሲባዛ በ2 ሰከንድ፣ 18,000 ሰከንድ። አምስት ሰዓት፣ ልክ። በሩቅ ሆነህ በወረቀት የምታገኘው ነገር ነው። አዲሱ ሰርቨር አንዱን ንባብ ወደ ግማሽ ሰከንድ ቢያወርደው እንኳ በእኔ ግምት ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆይ ነበር።

አሁን ሠንጠረዡ በአባል ተደርድሯል። አንዴ ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ አባሉ በተቀየረ ቁጥር ወለዱን አስልቶ ይይዛል።

ይህን ሠርቼ ሳስኬደው ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ደስ አለኝ፣ ግን ገረመኝም፤ ከሰከንዶች በላይ መፍጀት አልነበረበትም። አንድ ትልቅ ነገር ሲነሳ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ይወጣል። የእያንዳንዱ አባል ወለድ ለብቻው እየጸደቀ ይጻፋል። ማይኤስኪውኤል አንድ ነገር ጸደቀ ከማለቱ በፊት ዲስኩ ላይ በእርግጥ መድረሱን ይጠብቃል፤ ዲስኩ ደግሞ መዞር አለበት። በሰከንድ 60 ገደማ ነው የሚያስኬደው። 9,000 ለ60 ሲካፈል 150 ሰከንድ።

እዚህ ላይ ፈተና አለ። ማይኤስኪውኤል ዲስኩን ሳይጠብቅ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሴቲንግ አለው። አንዲት ቁጥር ከ1 ወደ 2 ትቀይራለህ፣ ሁሉም ይፈጥናል። ዋጋው፦ መብራት ድንገት ከጠፋ የመጨረሻዋ አንድ ሰከንድ ሥራ ልትጠፋ ትችላለች። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህን የሚያደርጉ አሉ። እኛ ጋ፣ በሰው ገንዘብ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ሞቶ? ደረሰኝ በእጁ የያዘ ሰው ሒሳቡ ላይ ገንዘቡ ከሌለ ማን ያምነናል? አልነካሁትም።

በምትኩ 500 አባል በአንድ ላይ እንዲጸድቅ አደረግኩ። 18 ጊዜ መጠበቅ ብቻ ቀረ። እስከየትኛው አባል እንደደረሰም አብሮ ይመዘገባል፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ጠቅላላው ከ20 ሰከንድ በታች ሆነ። የሒሳብ ሹሙ በመጀመሪያው ምሽት አላመነኝም። ወረቀት አውጥቶ የሠላሳ አባላትን ወለድ በእጁ አሰላ። ሁሉም ገጠመ። ከዚያ ቤቱ ሄደ።

የዛሬ ጠቅላላ ገቢ ሳጥኗንስ? ትሁን አልኩ። ለቀኑ ድምር አንድ መስመር ተበጀለት። ክፍያ ሲመዘገብ በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ማጽደቂያ ይታደሳል። የአባሉ ቀሪ ሒሳብም እንዲሁ። ማታ ማታ ከመጀመሪያው ተደምሮ ይመሳከራል፤ ልዩነት ካለ ይጮሃል። ሦስት መቶ ገንዘብ ያዥ ቢኖር ሁሉም አንዷን መስመር ለመጻፍ ይጋፋሉ፣ ሌላ መላ ያስፈልግ ነበር። ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ለሌለ ችግር አልሠራሁም።

ሸዋ ሮቢት

ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ጣርማ በርን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ጋቢው ይወልቃል፣ ከዚያ ሹራቡ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ጥላ ነው የምትፈልገው። ተመሳሳይ ኮምፒውተር ነው ሁለቱም ጋ ያለው። የታችኛው ግን ሁልጊዜ ዘገምተኛ ነው፤ ሰዉ «የኢንተርኔት ነገር ነው» ይላል።

ግማሽ እውነት ነው። የአባል መረጃ ገጽ ሲከፈት ፕሮግራሙ 40 ትንንሽ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ይልካል፦ ስም ስጠኝ፣ መልስ፤ ስልክ ስጠኝ፣ መልስ። እዚያው ቢሮ ውስጥ ይህ አይታወቅም። ከሸዋ ሮቢት ግን አንዱ ደርሶ መልስ 60 ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ 40 ሲባዛ 2.4 ሰከንድ። ጨው ለመግዛት ደብረ ብርሃን ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ለበርበሬ እንደገና እንደ መሄድ ነው። ሁሉንም በአንድ ጥያቄ አደረግኩት።

ግማሹ ግን ሌላ ነው። የኮምፒውተሩን ክዳን ስከፍት ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህኛው ከቀትር በኋላ በግማሽ ፍጥነት ነበር የሚሠራው። የትኛውም ኮድ ይህን አያስተካክልም። በብሩሽ ጠረግነው። በየሦስት ወሩ እንዲጠረግ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

የተገዛውና ያልተገዛው

ፕሮፎርማው ተመለሰ። ባዶ እጃችንን ግን አልወጣንም። አዲስ ዩፒኤስ ተገዛ፣ ያለ ክርክር። ኤስኤስዲ የሚባል አንድ ዲስክም ተገዛ። ኤስኤስዲው ለፍጥነት አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ሁሉ በአሮጌው ዲስክ ላይ የተለኩ ናቸው። ያ ዲስክ ግን ዓመታት ሠርቷል። ሌላም ነገር አለ። የተለመዱት ሃርድ ዲስኮች እንዲሠሩ የሚመከሩት እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ነው፤ የማንበቢያው ራስ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነውና አየሩ ሲሳሳ ይቸገራል። ደብረ ብርሃን ከዚያ መስመር ብዙም አይርቅም። ማህበሩ ደግሞ መሃል ሜዳ ቅርንጫፍ ሊከፍት ያስባል፤ እዚያ ከዚህም ከፍ ይላል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አሮጌው ዲስክ አሁን የመጠባበቂያ ቅጂ መያዣ ነው።

ያልነካሁትም አለ። የዓመት ሪፖርቱ አሁንም 40 ሰከንድ ይፈጃል። በዓመት አንዴ ነው የሚወጣው። ሥራ አስኪያጁ «እሱንስ?» ሲሉኝ «ይቆይ» አልኳቸው። ፕሮግራሙ የሚጽፋቸው አንዳንድ ነገሮችም ቢጸዱ ደስ ባለኝ፤ ግን ማንንም አያስጠብቁም።

በሁለተኛው ወር በገበያ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ዲስኩ 4 በመቶ፣ ፕሮሰሰሩ 5። ሰልፉ ከበሩ አይወጣም። ሊቀመንበሩ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ አባላትን ያጫውታሉ፣ ግን ጨዋታው ሳያልቅ ሰዉ ይጠራባቸዋል።

ገንዘብ ያዧ ጋ ሄጄ «እንዴት ነው ታዲያ?» አልኳት። ቀና አላለችም፤ አንድ አባባ ፊቷ ቆመዋል፣ ገንዘባቸውን እየቆጠረች ነው። በአገጯ ወደ ብርጭቆው ጠቆመችኝ። ሻይው እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ በላዩ ስስ ቆዳ አበጅቷል።

«ወንድሜ፣ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ» አለችኝ። «በረዶ ሆነብኝ።»